ድንበር ያልተሻገረው ትሬንታ ኳትሮ

ጎረቤቴ ሰሞኑን የሱቁን በር አስቀባ። ይኸኛው ጦርነት ላሜራውን እንደ ወንፊት በሳስቶት ነበርና፣ "ዛሬ ነገ" ሲል ከርሞ አሁን ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለቀለቀበት። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ። ሽታው ሲደርሰኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። "ጋሽ ጌታቸው፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ፣ የቀለም ሽታ ለሽማግሌ አይሆንም" አለኝ። "ምን ትላለህ አንተ! ዕድሜ ልኬን ናፍጣ ስምግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳንባዬ ራሱ ጋራዥ ነው" ብዬ አሳቅኩት። ግን ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁት። የዚያ ቀለም ሽታ በመጣ ቁጥር ሞላ ይመጣብኛል። ሞላ ከመጣ ደግሞ የዚያን ቀን እህል በአፌ አይዞርም።

ሞላ የመርሳ ልጅ ነው። ሹፌር ነበር፤ ከእኔ ሰባት ስምንት ዓመት ያንሳል፣ ግን ከእሱ የቀረበ ጓደኛ አልነበረኝም። እኔ ያኔ እዚሁ ወልድያ፣ ጎንደር በር፣ ጋራዥ ነበረኝ። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት ቋሚ፣ ከላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ ሰው ቁልቁል የሚገባበት ጉድጓድ፣ በቃ። ዘመኑ የዚያኛው፣ የፊተኛው የሰሜን ጦርነት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በዋጋ ነው። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ከዳቦ ጋር ስሙኒ። ቤንዚን በኩፖን፤ ኩፖኑ ሲገኝ ደግሞ ቤንዚኑ የለም። በማክሰኞ ገበያ አንድ ሙክት፣ ዛሬ አንድ ኪሎ ቲማቲም በማይገዛ ብር ይገዛ ነበር ብል ልጆቼ "አባባ ደግሞ ጀመረው" ይሉኛል። ሰው ኮንጎ ጫማውን በሳሙና አጥቦ ሰርግ ይሄድበታል። የቴትረን ሸሚዝ ያለው ሰው ኮሌታው እንዳይቆሽሽበት ከሥሩ መሐረብ ያደርጋል። ሞላ ቡናማ ቦላሌ ሱሪ ነበረው፣ ፋሽኑ ካለፈ ስንት ዓመቱ! እግሩ ሥር ከመስፋቱ የተነሳ ፍሬን ሲረግጥ ጨርቁ ፔዳሉ ላይ ይጠመጠምበታል። "ይህ ሱሪ አንድ ቀን ገደል ይከትሃል" እለዋለሁ። "ቢከተኝም አምሮብኝ ነው የምገባው" ይለኛል።

ከጋራዡ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ቴፕ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ጠዋት ትዝታ፣ ከሰዓት አምባሰል፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ሁለቱም ለቅሶ ይሆናሉ። ዛሬ በዚያች ሻይ ቤት ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከፊሉ መስተዋት እስካሁን አልተተካም። ሞላ ድምፅ የሚባል አልፈጠረበትም፣ ግጥም ግን ይችልበታል። መኪና ሥር በጀርባችን ተኝተን ቡሎን ስናላላ እንዲህ ይላል፦

ጎማው ነው የሄደው፣ ልቤ መች ሄደና፣
መርሳ ገበያ ላይ ቆሞ ቀርቷልና።

ዘነቡን ማለቱ ነው። ዘነቡ ሚስቱ ናት፤ ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር፣ ቤታቸው መርሳ ከዋናው መንገድ ዳር። "ኧረ ልብህን እዚያ ትተህ እጅህን ወዲህ አምጣ፣ ቁልፉን ያዝ" እለዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ ነበርን።

ከጋራዤ ጀርባ ያ መኪና ነበር። ትሬንታ ኳትሮ እንለዋለን፣ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው፤ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወታደርና ጥይት የጫነበት፣ ሲሸሽም ጥሎት የሄደው የጭነት መኪና ነው። መሪው በቀኝ፣ ካሶኒው፣ ጭነት የሚያርፍበት ሳጥኑ፣ ከጣውላ፣ አፍንጫው ረጅም። ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ በጨረታ ገዝቶ ስንት ዘመን እህል ሲያመላልስበት ኖሮ፣ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ሲለው እዚያው አቁሞት ሞተ፤ እኔም ከነጋራዡ ወረስኩት። ዶሮ ይፈለፈልበታል። ቀለሙ አሸዋ የመሰለ ሆኖ፣ በግራ በሩ ላይ ሦስት የጥይት ቀዳዳ አለ፤ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፋኖው ላይ የጣሊያን ጦር የጻፈው ቁጥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ካሶኒው ውስጥ ደግሞ ሰውዬው ከየገበሬው ቤት የሰበሰባቸው የዚያ ዘመን ዕቃዎች ነበሩ፤ የብረት ቆቦች፣ ኮዳዎች፣ እጀታው የሚሽከረከር የሜዳ ስልክ። ለማንም የማይረባ ኮተት ነው እያልኩ ስንቴ ልጥለው አስቤ ነበር።

ሙሴ ብሩኖ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ እዚሁ አገር ተወልዶ፣ መንገድ ሲሠራ ያረጀ፣ አማርኛው ከእኔ አማርኛ የማይተናነስ። ጠቅልሎ ወደ አባቱ አገር ሊገባ ነው። አንድ ቀን ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ እግሩን ለማፍታታት ወደ ጀርባ ዞር አለ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። "ጌታቸው፣ አባቴ እንዲህ ዓይነቱን ነበር የሚነዳው" አለኝ። መልሶ ይዞኝ ሄደና በሩን ደባበሰው፣ ጣቱን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገባ። በእነሱ አገር አሮጌ የጦር መኪና ተጠብቆ የሚቀመጥበት ቤት አለ፤ ወስዶ እዚያ ሊያቆመው ፈለገ። "ሙሴ፣ ሰው እንዴት ባሕር አሻግሮ ዝገት ይወስዳል?" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ታዲያ አሮጌ የጦር መኪና ከአገር ማስወጣት እንዲህ ቀላል መሰላችሁ? በጦርነት ዘመን? አዲስ አበባ ሲመላለስ ወራት ፈጀ። የጦር ዕቃ ነው ሲሉት አንድ ቢሮ፣ ቅርስ ነው ሲሉት ሌላ ቢሮ፣ ቁርጥራጭ ብረት ነው ሲላቸው ሦስተኛ ቢሮ። በመጨረሻ ማኅተም የሞላበት ወረቀት ይዞ መጣ፤ የመኪናው ፎቶግራፍም ተለጥፎበታል። የማይንቀሳቀስ፣ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ አሮጌ የጭነት መኪና፤ ቀለሙ አሸዋማ፤ በግራ በሩ ሦስት ቀዳዳ ያለው፤ ኮፋኖው ላይ ይህ ቁጥር የተጻፈበት፤ የሻንሲ ቁጥሩ ይህ የሆነ፤ ከነቆቡ፣ ከነኮዳው፣ ከነሜዳ ስልኩ ይላል። ሙሴ ብሩኖ ቀድሞ ጅቡቲ ሄዶ መርከብ ሊያዘጋጅ፣ መኪናውን ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ሊቀበል ተስማማን። ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ "ጌታቸው፣ አንዲት ቡሎን እንዳትነካ። አትጠበው፣ አትጠግነው። ተሳቢ ላይ ጫነው፣ እንደ ሬሳ ዝም ብሎ ይሂድ" አለኝ። "እሺ" አልኩት። አፌ ነው እሺ ያለው፤ ልቤማ እየሳቀበት ነበር።

በወረቀቱ ላይ ዕቃውን አድርሶ የሚመለስ ሹፌር ስም ይሞላል። ሞላ ብዬ አስሞላሁት። ለምን እንደሆነ ከእኔ፣ ከሞላ፣ ከዘነቡና ከሙሴ ብሩኖ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መርሳ ቀበሌ የሞላ ስም ለዘመቻ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ በፊት የተለጠፉት ልጆች ሲሄዱ አይተናል፣ ሲመለሱ ግን ያየነው ሁለት ብቻ፣ እነሱም በክራንች። እኔ የጦር ሠፈሩን መኪናዎች ስለምጠግን አይነኩኝም፤ ሞላን የሚያድነው አልነበረም። ድንበሩን ከተሻገረ ግን ሙሴ ብሩኖ ወደቡ ላይ ሥራ ሊያስገባው ቃል ገብቷል። ቀን እስኪያልፍ እዚያው ይቆያል፣ ዘነቡንም ያስመጣታል። ያ ዝገት ለሙሴ ብሩኖ የአባቱ ትዝታ ነበር፤ ለሞላ ነፍሱ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ ባጠፋው ኖሮ እንዲህ አይቆጨኝም።

ተሳቢ ፍለጋ ከደሴ እስከ ቆቦ ዞርኩ። ተሳቢ የሚባል በወሎ ምድር ጠፋ፤ ሁሉም ስንቅና ጥይት ጭኖ ወደ ሰሜን ሄዷል። ዛሬ ሐራ ላይ የባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳይ፣ ያኔ ይህ ቢኖር ብዬ እናደዳለሁ። ታዲያ ምን ይደረግ? መካኒክ አይደለሁም እንዴ? ሞተሩን አወረድኩት። ሞላና እኔ የነከሰውን ፒስተን ናፍጣ እያጠጣን፣ እየለመንነው፣ እየሰደብነው አላቀቅነው። ሻንሲው፣ የመኪናው አጽም፣ ተሰንጥቆ ነበርና ብረት አስደግፌ በየድኩት። ቁጥሩ የተመታው እዚያው ስንጥቁ ላይ መሆኑን ያየሁት ከበየድኩ በኋላ ነው፤ ምን አለ ብዬ ዝም አልኩ። ሞተሩ ሲነሳ፣ ያን የጥንት ጉርምርምታውን ሲያሰማ፣ የጎንደር በር ሰው ወጥቶ እልል አለ። ምን ነበረበት እዚያ ላይ ቢበቃኝ! ወይ ነዶ!

ግን እኛ አገር ዕቃ ለሰው ሲሰጥ እንዳለ አይሰጥም። ጋን ብትዋስ አጥበህ አጥነህ ነው የምትመልሰው፤ በቅሎ ብታውስ አራግፈህ፣ ኮርቻዋን ወልውለህ ነው የምታውሰው። ቆሻሻ መኪና ልስጠውና ሰውዬው በሰው አገር አቁሞ "የወልድያ መካኒክ ይህን ሰጠኝ" ይበል? ሞቼ ነው? ሞላ እንኳ አመነታ። "ጋሽ ጌቴ፣ ሰውዬው አትንኩት ብሎ የለ?" አለኝ። "ፈረንጅ እንዲህ ይላል እንጂ ሲያየው ያብዳል! ደግሞ ለአንተም ክብር ነው" አልኩት። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈንኩ። ኮፋኖውን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ያ የደበዘዘ ቁጥር እንደ ዱቄት ረገፈ። ቀለም በገበያ አልነበረም፤ የጦር ሠፈሩ ንብረት ክፍል ሰውዬ ውለታህ አለብኝ ብሎ ሁለት ቆርቆሮ ሰጠኝ። ከጦር ሠፈር ምን ዓይነት ቀለም እንደሚወጣ ልንገራችሁ እንዴ? ሞላ የብረት ቆቦቹን በመርሳ ሎሚና በአመድ አሽቶ አሽቶ መስተዋት አስመሰላቸው። ሦስት ቀን እየዘፈንን ቀባነው። አልዋሻችሁም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እስከ መርሳ አብሬው ሄድኩ። በሲሪንቃ ስናልፍ የምርምር ጣቢያው ሠራተኞች ከማሳው ቀና ብለው እጃቸውን አወዛወዙልን፤ ሞላም እንደ ባለሥልጣን ክላክስ ነፋላቸው። ዘነቡ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ባለ አበባ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ፣ በሻሹ ጫፍ አንዴ ዓይኗን አንዴ አፏን ትጠርጋለች። መኪናውን ዞራ አየችው። "ሙሽራ አስመሰላችሁት እኮ" አለች። "ሙሴ ብሩኖ ሲያየው ያብዳል" አላት ሞላ፣ የእኔኑ ቃል። ዳቦ ቆሎና ማንጎ በፌስታል አስያዘችው። ሰው እንዳይጠረጥር እንደ ዕለት መንገደኛ ነው የተሰነባበቱት፤ አልተሳሳሙም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው "ጋሽ ጌታቸው፣ አንቱን ነው ያመንኩት" ያለችኝ። "አይዞሽ፣ ነገ ማታ ድንበር ተሻግሮ ይተኛል" አልኳት።

ድንበሩ ላይ የሆነውን ከዓመታት በኋላ የነገረኝ ሙሴ ብሩኖ ነው። በዚያ ሐሩር ቆቡን ደፍቶ ከኬላው እንጨት ማዶ ሁለት ቀን ጠበቀ። መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ አላወቀውም፤ ሌላ የጦር መኪና መስሎት ነበር። ሞላ ወርዶ ወረቀቱን ሰጠ። የኬላው ሰው ወረቀቱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። "የማይንቀሳቀስ ይላል፤ ይሄ በራሱ መጣ። አሸዋማ ይላል፤ ይሄ አረንጓዴ ነው። ሦስት ቀዳዳ ይላል፤ የታለ? ቁጥር ይላል፤ የታለ?" የሻንሲውን ቁጥር ፈለጉ፤ ብየዳው ዋጥ አድርጎታል። ቀለሙን በጥፍሩ ጫር አደረገው። የሠራዊቱን ቀለም ደግሞ የማያውቅ ወታደር የለም። ካሶኒውን ሲከፍቱት የሚያብረቀርቁ የብረት ቆቦችና የሜዳ ስልክ! ሰውዬው ምን ይፍረድ? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህ የጦር ንብረት ሰርቆ ለባዕድ የሚያሻግር ነው የምለው። ሙሴ ብሩኖ ከማዶ "አሮጌ ነው! የእኔ ነው!" እያለ ጮኸ። በእሱና በሞላ መካከል የነበረው ርቀት ከዚህ በረንዳ እስከ ጎረቤቴ ሱቅ አይሆንም። "እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ፤ ከዚያ ይዘውት ተመለሱ" ብሎ ነው የነገረኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ወር ከምናምን በኋላ ከሰዓት ላይ ጉድጓዴ ውስጥ ሆኜ ያን ክላክስ ሰማሁት። እኔው ራሴ ነኝ የጠገንኩት፣ እንዴት አላውቀው! በዘይት እጄ ወጣሁ። ኮንቮይ ነው፣ ወደ ሰሜን። መሐል ላይ ያ አረንጓዴ፣ አቧራ ለብሶ፣ ካሶኒው ሙሉ ወታደር። መሪው ላይ ሞላ፤ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ያ ቦላሌ ቀርቶ የወታደር ሱሪ ለብሷል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ወይ ፍርድ ቤት ወይ መኪናህን ይዘህ ግንባር ብለውታል። ኮንቮይ አይቆምም፤ ከጎኑ እየሮጥኩ በሩን ያዝኩ። "ጋሽ ጌቴ! ቀለምህን ወደዱት!" አለኝና ሳቀ። ያው የድሮ ሳቁ ነው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሳቁን አቁሞ "ዘነቡን አደራ" አለኝ። አቧራው በላውና እኔ መንገዱ መሐል ቀረሁ።

በማግስቱ ወደ መርሳ ወረድኩ። ዘነቡ ኮንቮዩ ሲያልፍ ጎረቤት ጠርቷት ሮጣ ስትደርስ አቧራውን ብቻ አግኝታለች። ዓይኗ አብጧል። "ሰው ሁሉ በቀለሙ ነው የተያዘው ይላል። ጋሽ ጌታቸው፣ ቀቡት ያለው ማነው?" አለችኝ። ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ በማርያም ልነግራት ነበር። ግን ያ "አንቱን ነው ያመንኩት" ያለችኝ ጆሮዬ ላይ አለ። "ሙሴው ነው" አልኩ። ሁለት ቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? "እግዚአብሔር ይፍረደው" አለች፣ መሬቱን በጣቷ እየነካች። እኔም አሜን ሳልል አቀረቀርኩ።

ሞላ አልተመለሰም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በእግሩ እየተንጠባጠበ ወደየአገሩ ሲገባ፣ አንዱ መርሳ ላይ አረፍ ብሎ ውሃ ሲለምን ስለዚያ ረጅም አፍንጫ መኪና አወራ፤ ከአላማጣ ወዲያ ከነሹፌሩ ነዷል። ዘነቡ ያን ቡናማ ቦላሌ ሱሪ መሐል ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። እኔ አደራዬን ጠበቅኩ፤ ጣራዋን አስመታሁላት፣ መንገድ ዳር የፍራፍሬ ሱቅ ከፈትኩላት፣ በየዓመት በዓሉ አልቀረሁባትም። ወንድሜ ትለኛለች። ሌላ አላገባችም። በዚህኛው ጦርነት ወልድያን ጥለን በእግራችን ስንሸሽ እሷ ቤት ነው ያረፍነው፤ አልጋዋን ለባለቤቴ ለቀቀች፣ ለማታውቀው መንገደኛ ሁሉ ደጇ ላይ ባልዲ ውሃና ጣሳ አስቀምጣ ነበር። "ውሃ የከለከለ ደጅ ይዘጋል" ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ሙሴ ብሩኖ የመጣው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ የፊተኛው ጦርነት አልቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ምርኩዝ ይዟል፣ ጉልበቱ አልቋል። ድንበሩ ላይ የሆነውን ያኔ ነው የነገረኝ። "ለምን ቀባኸው?" አለኝ አንዴ ብቻ። "እንዲያምርልህ" አልኩት። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። ከዚያ የሞላን ሚስት ካላየሁ አልሄድም ስላለ ይዤው መርሳ ወረድኩ። እኩለ ቀን ነው፣ የመርሳ ሙቀት ድንጋይ ያቀልጣል። ደጇ ስንደርስ ቆቡን አወለቀ፣ ላቡ ባንገቱ ይወርዳል። ዘነቡ ወጥታ አየችው። "እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ዘግይቼ መጣሁ" አላት።

"አንተ ነህ ቀቡት ያልካቸው?" አለችው።

ሙሴ ብሩኖ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሌላ የማየው ነገር የሌለ ይመስል ጫማዬን አየሁ፤ አሁን ንገራት፣ አሁን ይላል ልቤ። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ እሷ ተመልሶ "አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ" አላት።

"ውጣ ከደጄ!" ብላ በሩን ዘጋችው። ውሃ እንኳ አላለችውም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ደገፍኩት። "ሙሴ..." ብዬ ጀመርኩ፣ ምን ልለው እንደነበር አላውቅም። "ተወው" አለኝ። "እኔ ነገ እሄዳለሁ። አንተ ግን ከእሷ ጋር ነው የምትኖረው።" በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጁ በላከችው ደብዳቤ መሞቱን ሰማሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያን ደብዳቤ ለማንም ሳላሳይ አቃጠልኩት። ይኸው ስንት ዘመን ፈጀው፤ ሆድ ግን ለካ ሁሉን አይፈጅም።

ጎረቤቴ በሩን ባስቀባ ማግስት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ። ዘነቡ ከማንጎዎቿ ኋላ ተቀምጣ፣ ጸጉሯ ጥጥ መስሎ፣ ስታየኝ በምርኩዝ ተነስታ አቀፈችኝ። "ምነው ጠፉ ጋሽ ጌታቸው! እንደምን ሰነበቱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?" ብላ መቀመጫ ጠረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሙሴው አትንኩት ማለቱን፣ ቀለሙን ያመጣሁት እኔ፣ የቀባሁት እኔ፣ በደጇ ቆሜ ሽማግሌው ስለ እኔ ሲዋሽ ዝም ያልኩት እኔ። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች፣ በምርኩዟ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ስለ ሞላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

"ሰውዬውስ አለ?" አለችኝ።

"ሞቷል። ቆይቷል ከሞተ።"

እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። "ለቅሶ ሊደርሰኝ ባሕር አቋርጦ የመጣን ሽማግሌ ውሃ ሳላቀምስ ከደጄ መለስኩት" አለች። "ይህን ሁሉ ዘመን እመቤቴ ፊት ቆሜ ስረግመው ኖርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ ይቅርታ የምለውስ የት ነው?"

አንዲት ሴት ማንጎ ልትገዛ መጥታ ቆማ አየችንና ሳትጠይቅ አለፈች።

"ሞላን ጦርነት ነው የወሰደብኝ፤ በቀለም ባይሆን በሌላ ይወስደው ነበር" አለች ዘነቡ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። "ውሃ ከልካይ ያደረጉኝ ግን አንቱ ነዎት።"